ሰኞ ሰኞ የሚሞተው ባትሪ

ማንአልሞሽ ቁልፉን ስታዞረው መኪናው «ጥ» አለና ዝም አለ። ደግማ አዞረችው። አሁን «ጥ» ማለቱንም ተወው። «ኧረ በፈጠረህ፣ ዛሬ እንኳን!» ብላ መሪውን በመዳፏ መታችው። ብትመታውስ! መኪና ልመና የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ይሄ መኪና እስከዛሬ ስንቴ በተነሳ ነበር።

ዕለቱ ሰኞ ነው። ባለፈውም ሰኞ እንዲሁ ሞቶ አድሯል፤ ከዚያ በፊት በነበረውም። ማክሰኞ ይነሳል፣ ዓርብ ይነሳል፣ ቅዳሜ ገበያ ወስዶ ይመልሳታል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት፣ የሲያትሏ ሰፈሯ ዋይት ሴንተር ገና በዝናብ እንደተሸፈነች፣ ቤልቪው ካለው የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ እየጠበቃት፣ ባትሪው ድርቅ ብሎ ይጠብቃታል። ሰው ሰኞን ቢጠላ ያባት ነው። መኪና ግን ሰኞን ከየት አወቀው?

ደግሞ እኮ ባትሪው አዲስ ነው። የመጀመሪያው ሲሞት «አርጅቶ ነው» ተባለና ተቀየረ። የተተካውም ሲሞት «የተበላሸ ሸጠውልሽ ነው» ተባለና እሱም ተቀየረ። ይኸው ይሄኛውም እንደ ወንድሞቹ ሆነ። ባትሪ እየቀበረች የምትኖር ሴት ግራ ቢገባት ማን ይፈርድባታል?

አባቷ አቶ ወልደ ሥላሴ የሞተሩ ድምፅ መጥፋቱን ሰምተው ከፎቅ ወረዱ። ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል፣ ጫማቸው ግን እንደ ሁልጊዜው የተወለወለ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት በመስከረም ነው። እናቷ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን አይቀመጡም ብላ፣ ወረቀቱን ጨርሳ ያስመጣቻቸው እሷ ናት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ ትልልቅ ሹማምንት ያመላለሱ፣ ፔዦ ከነነፍሱ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጫማቸውን ሳያራግፉ መኪና ውስጥ አይገቡም። ስለ መኪና የማላውቀው የለም ይላሉ፣ ልጃቸውም ታምናቸዋለች።

«ዛሬም?» አሉ።

«ዛሬም፣ አባዬ።»

«አይ ጉድ!» በእሳቸው በኩል ያለውን በር ከፍተው ከወንበሩ ሥር የባትሪ ማስነሻውን ኬብል ጎተቱ። «በይ ኮፈኖውን ክፈቺ።»

ጎረቤታቸው ሰሃርላ ድሬዳዋ ያደገች ሴት ናት። ቫኗን አፍንጫ ለአፍንጫ አስጠግታ፣ ከራሷ ባትሪ ኃይል እያበደረች፣ ጀምፕ ማድረግ የሰኞ ሥራዋ ሆኗል። «አቦ ማንዬ፣ ይሄ መኪናሽ ሰኞ ሰኞ ኦፍ ነው እንዴ?» አለች እየሳቀች። «እኔም ለአለቃዬ ልንገረው፣ ይስጠኝ!»

መኪናው ተነሳ። አቶ ወልደ ሥላሴ በተከፈተው በር ጎንበስ ብለው፣ «እመብርሃን ትከተልሽ። ሬዲዮ አትክፈቺ፣ ዲናሞው ባትሪውን ይሙላልሽ» እያሉ ምክር ጀመሩ። የሳቸው ምክር ደግሞ ከጀመረ ቶሎ አያልቅም። «እሺ፣ እሺ አባዬ፣ ረፈደብኝ» ብላ ወደ እሳቸው በር ተንጠራርታ ከውስጥ ጎትታ ዘጋችውና ከነፈች።

ብትከንፍም ረፍዶባታል። አለቃዋ አትጮኽም፤ ሰዓቷን አየት ታደርግና ፈገግ ትላለች። ያቺ ፈገግታ ከጩኸት ትብሳለች። ማንአልሞሽ ቀኑን ሙሉ የሽማግሌዎቹን አልጋ እያነጠፈች አንድ ነገር ብቻ ስታሰላስል ዋለች፤ ማን ነው ባትሪዬን የሚመጠው?

ለካስ ሲያትል ያለ ሐበሻ ሁሉ መካኒክ ነው! አንዱ «የስልክ ቻርጀርሽ ነው» አላት፤ ነቀለችው። ሌላው «ብርዱ ነው» አላት፤ ብርዱ ማክሰኞ የት ሄዶ ነው ታዲያ? አንዷ «ጸበል እርጪበት» አለቻት፤ እሱም ተረጨ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ምን ታድርግ! አቶ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ነገሩን እልህ ይዘው ገቡበት። ሬዲዮውን ከነገመዱ አውጥተው ቦታውን ባዶ ጉድጓድ አደረጉት። ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ አምፖል ፈቱ፣ ከፊት ያለውን የኪሱን አምፖል ፈቱ። የጣሪያው መብራት እንኳን ድሮውኑ የተቃጠለ ነው፤ እሷ መኪናውን ከገዛችው ጀምሮ በርቶ አያውቅም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰኞ ሲመጣ መኪናው ያው ነው።

«በእኛ ዘመን መኪና ሲሞት ምክንያት ነበረው» አሉ አንድ ቀን፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሞት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ልጄ። አላውቅም።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የታየው ነገር ማንአልሞሽን ከባትሪው የበለጠ አስጨነቃት። አባቷ ስለ መኪና «አላውቅም» ሲሉ ሰምታ አታውቅማ።

ከዚያ እናኑ ደወለች። እናኑ የማኅበር ጓደኛዋ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ክፋት የለም፣ አፏ ግን መዝጊያ አልተሠራለትም። ማንአልሞሽ ሽሮ እያማሰለች ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። አባቷ በሚቀጥለው ክፍል ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ድምፁን ቀንሰው።

«እኔ ክፉ አልናገርም፣ እግዜር ያውቃል» አለች እናኑ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚናገር መቼም ይታወቃል። «ግን ማንዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ሳይመጡ በፊት መኪናሽ ሞቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያስ ምን?»

«እኔ ምን አውቄ! እርጥብ እግር ያለው ሰው አለ፣ ደረቅ እግር ያለው ሰው አለ ነው የምልሽ። ዕድል ነው እንግዲህ፣ ሰውዬው ምን ያድርግ።»

«ሂጂ ወዲያ! ባትሪና እግር ምን አገናኘው? አታሳፍሪኝ እስቲ!» ብላ ሳቀች ማንአልሞሽ። የሳቀችው ግን በአፏ ብቻ ነው። ከመጡ ወዲህ መሆኑማ እውነት ነው። ይሄን እውነት ምን ታድርገው? ሽሮው እስኪያር ድረስ ቆማ አሰበች።

ራት ላይ አቶ ወልደ ሥላሴ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለመልከጸዴቅ ደውይለት» አሉ። መልከጸዴቅ አዲስ አበባ የራሱን ቤተሰብ ይዞ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ነው። «ትኬት ይፈልግልኝ። ገናን እዚያ ብውል ደስ ይለኛል።»

«ምነው አባዬ? ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ምን ታጠፊያለሽ። እግሬ ለዚህ ቤት አልሆነም፣ ልጄ። ከመጣሁ ወዲህ ደህና አልዋልሽም።»

«እናኑ እኮ ቀባጣሪ ናት፤ እሷን ሰምተው ነው?»

«እናኑ ደግሞ ማናት? እኔ ማንንም አልሰማሁም» አሉ። ሰምተዋል። «አባቴም እንዲህ ይሉ ነበር፤ ሰው ደረቅ እግሩን ካወቀ ከሰው ደጃፍ ማንሳት አለበት። በገዛ ልጄ እንጀራ ላይ ድንጋይ ሆኜ አልቀመጥም።»

ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች! በማግስቱ የስልክ ካርዱን ፍቀው፣ ቁጥሩን በመነጽር እያዩ፣ ራሳቸው ለልጃቸው ደወሉ። ቤተ ክርስቲያን ላለው ሁሉም ነገሩት። ማንአልሞሽ ሆዷ ባባ። እናቷን ቀብራ በሁለተኛው ዓመት አባቷን በባትሪ ልታጣ ነው? አሁን ነገሩ የሥራ መርፈድ መሆኑ ቀረ። ባትሪውን የሚገድለው ነገር ካልተገኘ አባቷ ይሄዳሉ፤ ሄደው ደግሞ እዚያ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ «ደረቅ እግር ነኝ» እያሉ ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣች መኪናውን እዚያው ሲያትል ውስጥ ሶዶ ወደሚባለው ሰፈር ነዳች። እዚያ በመጋዘኖቹ መሃል አወል የሚባል የስልጤ ልጅ ጋራዥ አለው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። መኪናውን አሳድሮ፣ ቴስተር ሰክቶ፣ ፊውዙን አንድ በአንድ እየነቀለ መረመረላት። ቅዳሜ ስትመጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠበቃት።

«ጠፍቶ ሳለ ከባትሪው ምንም አይስብም» አላት።

«እንዴት ምንም?»

«ምንም። ኦኬ፣ ሁሉም መኪና ትንሽ ይስባል፣ እሱ ያለ ነው። ያንቺ ግን ጤነኛ ነው። ዲናሞው ጤነኛ፣ ባትሪው ጤነኛ። ማታ ዘጋሁት፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ሶ፣ የሚሞተው ሰኞ ብቻ ነው?»

«ሰኞ ብቻ... ቆይ፣ የለም። አንድ ሐሙስ ቀንም ሞቷል።»

«ከሐሙሱ በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የት ሄደሽበት ነበር?»

«የትም። አባቴን ዓይን ሐኪም ጋ ወስጄ መለስኩ።»

«እሑድስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ።»

አወል ራሱን አከከ። «ረቡዕ ጾም፣ እሑድ ቅዳሴ። እኔ እንግዲህ ሙስሊም ነኝ፣ ይሄ በእናንተ በኩል ያለ ነገር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሳቀ። እሷ እንባዋ እንደመጣ ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «እህቴ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሌባው እኔ ጋ አይመጣም፣ እናንተ ደጅ ነው ያለው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ ሁልጊዜ እንደምታደርጊው ፓርክ አድርጊና ግቢ። ሲጨላልም ውጪና፣ በር ሳትከፍቺ፣ ምንም ሳትነኪ፣ ዙሪያውን እይው። አለቀ።»

ገንዘብ አልቀበልም አላት፣ ምንም ያልሠራሁበት ነው ብሎ። እሷ ግን ከነበረችበት ግራ መጋባት ወደ ባሰው ገብታ ወጣች። መኪናው የታመመ ቢሆን ይታከም ነበር። ጤነኛ ሆኖ የሚሞትን ነገር ምን ያደርጉታል? እውነት እግር የሚባል ነገር ቢኖርስ? ይህን ማሰቧን ራሷ ስትሰማ ደነገጠች። «እናኑ፣ የት አባሽ!» አለች ብቻዋን፣ መንገድ ላይ።

እሑድ ከቅዳሴ ተመለሱ፣ ፓርክ አደረገች፣ ወረደች፣ ምሳ ለማቅረብ ደረጃውን ሮጠች። አባቷ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ተከተሏት። በዚያ ወቅት ሲያትል ላይ ቀን የሚባለው ነገር ምሳ ሳይወርድ ነው የሚያልቀው። ሲጨላልም ማንአልሞሽ የጃኬቷን ቆብ አጥልቃ ወረደች። በገዛ መኪናዋ ዙሪያ እንደ ሌባ ዞረች። በሾፌሩ በኩል ምንም የለም። ከኋላ ምንም የለም። በቀኝ በኩል ስትመጣ ቆመች።

ከፊተኛው በር ግርጌ ቀይ ብርሃን ታየ፤ ክር ያክላል። በሩ ሲከፈት እግር ሥር የምትበራው ትንሿ አምፖል ናት። ታዲያ በሩ ተዘግቶ ምን ትሠራለች? ጎንበስ ብላ አየች። በሩ ተዘግቷል። በጣትዋ ዳበሰችው፤ የጥፍር ያህል ወጣ ብሏል። በዳሌዋ ገፋ ስታደርገው «ቀጭ» አለ፣ ብርሃኑም ጠፋ።

ዝናቡ ውስጥ ቆማ ቀረች። ከዚያ ከፍታ፣ ቀስ ብላ፣ በሁለት እጅ፣ ደግማ ዘጋችው፤ ልክ አባቷ እንደሚዘጉት። ቀይዋ ብርሃን ፍንክች አላለችም።

አባቷ ከመኪና ወርደው በር ሲዘጉ እንዴት እንደሚዘጉ ያላየ ሰው ይህን አይረዳም። በሩን በአንድ እጅ ይዘው፣ ሌላኛውን መዳፍ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እንደተኛ ሕፃን አልጋው ላይ ያስቀምጡታል። ድምፅ ማውጣት ነውር ነው። አዲስ አበባ እያሉ በር የሚያጋጭ ሰው ካገኙ፣ ሹም ይሁን ዘመድ፣ «ቀስ! በር ነው እንጂ ከበሮ አይደለም!» ይሉ ነበር። በር የሚደበድብ ሚስቱንም ይደበድባል የሚል ተረትም ከራሳቸው አውጥተው ነበር። ከውስጥ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ መኪና በሚከንፍበት ፍሪዌይ ላይ ወድቄ ልሙት እንዴ ብለው ጥርቅም ያደርጉታል። ስለዚህ ሲሄዱ ደህና ነው። ሲመለሱ ነው ጉዱ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ኬብሉን ሊያወጡ ያንኑ በር መጀመሪያ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸውና፣ ማንም ምንም ሳያይ ማስረጃው ይጠፋል። እሳቸው ያልተሳፈሩበት ቀን መኪናው ለምን ይሙት?

ማንአልሞሽ መጀመሪያ ሳቀች። ብቻዋን፣ ድምፅ አውጥታ። ወዲያው ሳቋ ተቆረጠ። እናኑ ልክ ነበረች ማለት ነው እንዴ? ከመጡ ወዲህ ነው አለች፤ ከመጡ ወዲህ ነው። እሳቸው ናቸው አለች፤ እሳቸው ናቸው። በእግር ያለችው በእጅ ሆነ እንጂ ምን ቀረ! ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም፣ በሩን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችውና ቆቧ ላይ ዝናቡ እየተንጠባጠበ ወደ ቤት ገባች።

ሰኞ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ቫኗን አስነስታ ትጠብቅ የነበረችው ሰሃርላ ይህን አይታ «ወላሂ ዳነ!» ብላ ጮኸች። አቶ ወልደ ሥላሴ መስኮት ላይ ሆነው አዩ። የዚያን ዕለት ማንአልሞሽ ከሥራ እየበረረች ተመለሰች። ነግራቸው አብረው ሊስቁ ነው። እንግዲህ የሚያስቅ ነገር ነው፣ ደግሞም እግር የሚሉት ጣጣ የለበትም፣ ከዚህ በላይ ምን የምስራች አለ?

«አባዬ፣ ተገኘ! ገድ አይደለም፣ ምንም አይደለም። በሩ ነው።»

«የቱ በር?»

«በእርስዎ በኩል ያለው። ቀስ ብለው ስለሚዘጉት ግማሽ ላይ ይቀራል። ከሥሩ መብራት አለ፣ እሱ ሲበራ ያድራል፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ይኸው ነው!»

አቶ ወልደ ሥላሴ አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልዘጋሁትም ነው የምትይኝ?»

«ዘግተውታል፣ ግን ጠበቅ...»

«የመኪና በር።»

«አባዬ፣ ትንሽ ነገር እኮ ናት፣ በኃይል ገጨት ማድረግ ብቻ ነው።»

«ገድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ገድ የእግዜር ነው፣ ሰው አያፍርበትም። ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁበትን ሙያ፣ ሌሎቹን ሾፌሮች ያስተማርኩትን... እኔ ወልደ ሥላሴ የመኪና በር መዝጋት አቃተኝ! ልጄን ከሥራዋ ያስረፈድኩ፣ ባትሪ ያስቀየርኩ፣ ያንን ሬዲዮ ያስነቀልኩ እኔ ነኝ። ከዚያም ኬብል ይዤ እወርዳለሁ፣ መካኒክ ነኝ ብዬ!» ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ማንአልሞሽ እዚያው ቀረች፣ አፏ እንደተከፈተ። ምን ተናገረች? እውነቱን አይደለም እንዴ የነገረቻቸው? እንቆቅልሹ ተፈትቶ ሰውዬው ለምን ባሰባቸው? ጥቂት ቆይቶ በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ተሰማት፣ ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጋገሩ። «መልከ፣ ቀኑን ማስቀደም ይቻል ይሆን? አዎ... የለም፣ የለም፣ ደህና ነኝ።» እሷ ጉድ አፈላች እንጂ ምን አገዘች! ምነው አፌን በቆረጠው አለች።

በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከመኪናዋ ወርዳ ደረጃው ላይ ስትደርስ «ቁልፉን ስጪኝ» አሏት። ሰጠቻቸው። ከመጋረጃው ኋላ ሆና አየቻቸው። በሩን ከፈቱ። ክንዳቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ወረወሩት። መጨረሻው ላይ ግን እጃቸው ከዳቸው፤ በሩ ሳይደርስ ያዙት፣ አለዘቡት፣ አስቀመጡት። ደግመው ሞከሩ። ደግመው ያዙት። እጁ የለመደውን ማን ያስተወዋል? ሰው ልጁን ምታ ቢባል እንዲህ ነው የሚሆነው። ገብተው እጃቸውን ታጥበው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እሷም ምንም እንዳላየች ሆና ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ሽንኩርቱ ጠቀማት፣ እንባዋን ማንም አልጠየቃትም።

እሑድ መጣ። ማንአልሞሽ መንገዱን ሁሉ የእሳቸውን በር በጎን እያየች ነዳች። ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ አባቷ ይወርዳሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ በሩ አይዘጋም። እሷ ዞራ ብታጋጨው በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ሰደበቻቸው ማለት ነው። ብትተወው ቅዳሴ እስኪያልቅ መብራቱ ይበራል። ዝም ትበል? ትናገር? ትለምን? ግቢው ውስጥ ደረሰች፣ ሞተሩን አጠፋች። አባቷ እጃቸውን ወደ በሩ ሲዘረጉ አየች።

ከዚያ ያደረገችውን ያደረገችው አስባበት አይደለም። ከመኪናው ዘላ ወረደች፣ ነጠላዋ እየተንዘላዘለ በፊት በኩል ዞረች፣ በራቸውን ከፍታ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ።

«ይውረዱ፣ አባዬ።»

አዩዋት። በሩን አዩት። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ በር ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው ግን ማንም ይዞ አያውቅም። ቀስ ብለው ወረዱ። እሷ ከኋላቸው በሩን «ጓ!» አደረገችው። አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ ገባ፣ ግን ዞር አላሉም።

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ማንአልሞሽ ወደ መኪናው ስትመጣ አባቷ ቀድመዋት በቀኝ በኩል ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። እጀታውን አልነኩትም። የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ተቆጥተው ይሆን? አልገባትም። ሄዳ ከፈተችላቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ገቡ፣ ተደላደሉ፣ ወደ ፊት እያዩ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉላት። «ጓ!» አድርጋ ዘጋችው።

አቶ አክሊሉ የሚባሉት የሳቸው ባልንጀራ ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ኖሯል። «ተባረኪ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ተባረኪ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን! የኔዎቹ መኪናው ሳይቆም ነው ውረድ የሚሉኝ። ታድለዋል፣ አቶ ወልደ ሥላሴ!» ሌሎቹም «አሜን፣ አሜን፣ ልጅ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ማንአልሞሽ መሬት መሬቱን አየች። ስለ ባትሪው የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

«እኔማ ዕቃ ልሰጥዎ ነበር» አሉ አቶ አክሊሉ ወደ መኪናው ጠጋ ብለው። «ለእህቴ የሚደርስ፣ ትንሽ መድኃኒትና ጫማ። ጉዞው መቼ ሆነ?»

አቶ ወልደ ሥላሴ እጀታውን እያዞሩ መስኮቱን ዝቅ አደረጉት።

«የምን ጉዞ?»

«ወደ አገር ቤት ነዋ! ለገና እሄዳለሁ ብለውን አልነበር?»

«ሌላ ተጓዥ ይፈልጉ፣ አክሊሉ» አሉ አቶ ወልደ ሥላሴ። «ሾፌሬን ለማን ትቼ ነው የምሄደው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ማንአልሞሽ ዞራ ገባች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ቁልፉን ግን ማዞር አቃታት፤ እንባዋ አላሳያት አለ።

«ንጂ እንጂ» አሉ አባቷ፣ ወደ ፊት እያዩ። «ከኋላ ሰው እየጠበቀ ነው።»